አፕዴት እየተደረገ መብራት ሄደ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ሐረር ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ጁገል ውስጥ አክስቴ የከፈተችውን የእንግዳ ማረፊያ አብሬያት አስተዳድራለሁ። ቤቱ የጥንት የሐረሪ ቤት ስለሆነ ግድግዳው የድንጋይ፣ ውፍረቱም ክንድ የሚያህል ነው፤ አንድ ዋይፋይ አይበቃውም። ስለዚህ ሦስት ክብ ነጭ ዩኒፋይ አክሰስ ፖይንቶች አስገጥመናል፤ አንዱ ግቢው ላይ፣ አንዱ መቀበያው ጋ፣ አንዱ ፎቅ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ላፕቶፔ ላይ አፕዴት የሚል ምልክት ሳይ ሦስቱንም ባንዴ ነካኋቸው። ሁለቱ ጨርሰው ተነሡ። የፎቁ ሊጨርስ ሲል መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነጩ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ስሙ በስልክ አይታይም። የሪሴቱን ቀዳዳ በመርፌ ቢያንስ አሥር ጊዜ ተጭኛለሁ፤ ምንም። ያየው ሰው «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ» ብሎናል። ግን እኮ ስታቢላይዘር አለን! አክስቴ የፎቁን እንግዶች ምድር ቤት ልታወርዳቸው ነው። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢ፣ ከሐረር

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ስለ አንቱታው። ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ስትዪው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል። ሁለት ዓመት ሐረር ኖረሽ ይኼ አለመልቀቁ ገርሞኛል። አንተ በዪኝ፣ እኔም አንቺ እልሻለሁ።

ቦርዱ የተቃጠለ አይመስለኝም። በምን አወቅህ ካልሽ፣ አንቺው ጽፈሽልኛል፦ ብልጭ ድርግም ይላል ብለሻል። ያቺን መብራት እየቆጠረ የሚያበራትና የሚያጠፋት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም እየሠራ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ አለ፣ ሚሞሪው አለ፣ ቮልቴጁም ደርሶታል ማለት ነው። በሽታው ከዚያ በላይ ባለው፣ በፈርምዌሩ (ዕቃውን በሚያሠራው፣ ውስጡ በተጻፈው ፕሮግራም) ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ስታቢላይዘርሽንም አትውቀሺው። እሱ የሚያስተካክለው ያለውን መብራት ነው፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? መብራት ሲሄድ የሚያቆይልሽ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ብቻ ነው። ይኼን ልዩነት ሱቄ ለሚመጣ ሰው በሳምንት ሁለቴ ሳላስረዳ አልውልም።

እንዴት እንደተበላሸ ለማየት ሰፈርሽ ውስጥ ያለ የቁርኣን ቤት ደጃፍ ላይ ትንሽ ቁሚ። ልጆቹ የሚጽፉበት የእንጨት ሉህ አለ። አዲሱ ከመጻፉ በፊት አሮጌው ይታጠባል፤ በላዩ ላይ አይደረብበትም። የአክሰስ ፖይንትሽ ፍላሽ ሚሞሪም እንዲያ ነው። አዲስ ነገር ሊጻፍበት ሲል መጀመሪያ ብሎክ ብሎኩ ይታጠባል፣ ብዙውን ጊዜ 64 ኪሎባይት በ64 ኪሎባይት፤ ከዚያ ነው የሚጻፍበት። መብራቱ የሄደው ሉሁ ታጥቦ ጽሑፉ ገና ግማሽ ላይ ሳለ ነው። ዕቃው ሲነሣ ሊያነብ ይሞክራል፣ መሃል ላይ ባዶ ያጋጥመዋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል። አንቺ ብልጭ ድርግም የምትዪው ይኼንን ነው።

ደስ የሚለው ግን፣ ሉሁ ሁሉ አይታጠብም። ጫፉ ላይ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ተራ አፕዴት አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። እሱን እንደ ግቢ ዘበኛ ቁጠሪው። መብራት ሲመጣ ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው፤ አንድ ሁለት ነገር አይቶ ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ ሥራው አለቀ። የአሥሩ ጊዜ መርፌ ለምን እንዳልሠራም እዚህ ላይ ይገባሻል። አንቺ የተጫንሽው ዕቃው መብራት ካገኘ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሪሴትን ቁልፍ መስማት የነበረበት ፈርምዌሩ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። ሰው የሌለበትን ቤት ስታንኳኪ ነበር። ዘበኛውን ማግኘት ከፈለግሽ ቁልፉን ቀድመሽ ይዘሽ ነው መብራት የምትሰጪው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚራ ያለ አንድ ካፌ እንዲሁ የሚነሣ የሚወድቅ አክሰስ ፖይንት አመጡልኝ። ፈርምዌር ነው ብዬ ደመደምኩ። ከማታ ጀምሬ ስጭንበት የንጋት አዛን ተሰማ። ይጫናል፣ ይነሣል፣ ሬዲዮው (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ክፍል) ሊበራ ሲል ይወድቃል። ጠዋት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ገባና «መብራት የሚሰጠውን አዳፕተር ለክተኸዋል?» አለኝ። ለክቼዋለሁ፣ 24 ቮልት ነው አልኩት። «ጭነት ላይ ሆኖ?» አለኝ። አቦ! ባዶውን ነበር የለካሁት። አክሰስ ፖይንቱ ተሰክቶ ቴስተር ስናደርግበት ወደ 17 ወረደ። አዳፕተሩ ውስጥ ያለው፣ ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ኮንደንሰር ደርቋል። የድሬ ሙቀት ይኼን ያደርጋል፤ ኮንደንሰር በየ10 ዲግሪ ጭማሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ እነሱ ደግሞ ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ ነበር የሰቀሉት። ሌላ አዳፕተር ስንሰጠው በደቂቃ ተነሣ። ልጁ እስከ ዛሬ ይተርትብኛል።

ለአንቺ ይኼ ቀላል ነው፤ የሚሠሩ ሁለት አሉሽ። ከሚሠራው የአንዱን አዳፕተርና ኬብል ለታመመው ስጪው። ሦስቱ አንድ ሞዴል መሆናቸውን ግን ከጀርባቸው አንብቢ፤ በ24 ቮልት የሚሠራና በ48 የሚሠራ አለና የ48ቱን ለ24ቱ አትስጪ። ከተነሣ ይኼን ገጽ እዚህ ላይ አቁሚው። ካልተነሣ ቀጥዪ።

ትክክለኛውን የፈርምዌር ፋይል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ፤ ከጀርባው የተጻፈው የሞዴል ስም አንድ ፊደል እንኳ ሳይለይ። ከፋይሉ ጎን የቁጥርና የፊደል ረጅም ጥልፍልፍ ይኖራል፤ ቼክሰም ይባላል። በዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የአንቺን ፋይል አስልተሽ አመሳክሪው። በስልክ ዳታ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሲገኝ ብዙ አይቻለሁ፤ ይኼን መዝለል ሁለተኛ ጊዜ መግደል ነው።

ከዚያ ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከአዳፕተሩ ጋር አገናኝተሽ አዘጋጂ። ዋይፋዩን አጥፊ፤ በሁለት በኩል አንድ ዓይነት አድራሻ ከያዘ መልእክቱ በየት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ለኬብሉ በእጅሽ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጪው፦ 192.168.1.25፣ ማስኩ 255.255.255.0፣ ጌትዌዩን ባዶ ተይው። የዊንዶውስ ቲኤፍቲፒ ክላየንት (ፋይሉን የሚልክልሽ ፕሮግራም) ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ የዊንዶውስ ፊቸሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ ምልክት አድርጊበት። ፋየርዎሉን (የላፕቶፑን የኔትወርክ መከላከያ) ለዚያች ሰዓት አጥፊው፤ ስትጨርሺ መልሶ ማብራቱን አትርሺ። እኔ በላፕቶፑና በአዳፕተሩ መካከል አንዲት ተራ ስዊች አስገባለሁ። አክሰስ ፖይንቱ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ላፕቶፑ «ኬብል ተነቀለ» ብሎ የሰጠሽውን አይፒ ይጥለዋል፤ ተመልሶ እስኪነቃ ድረስ ዘበኛው ላይጠብቅሽ ይችላል። ስዊቿ ካለች ላፕቶፑ ምንም ነገር እንደተነቀለ አያውቅም።

አሁን ሦስተኛ እጅ ስለሚያስፈልግሽ አክስትሽን ጥሪያት። የአክሰስ ፖይንቱን ኬብል ንቀይ። በወረቀት ክሊፕ ሪሴቱን ተጫኚና እንደያዝሽ እሷ ኬብሉን ትሰካልሽ። እንዳትለቂው። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ያዢው፤ መብራቱ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥፍት፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥፍት እያለ መፈራረቅ ሲጀምር ልቀቂ። ዘበኛው መጣ ማለት ነው። ፒንግ አድርጊለት (አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው)፣ አድራሻው 192.168.1.20 ነው። ከመለሰልሽ አክስትሽ እንግዶቿን ታቆያቸው።

ፋይሉን በቲኤፍቲፒ ትልኪዋለሽ። ዓይነቱ ባይነሪ መሆኑን የምትገልጸዋን «አይ» የምትለዋን ምልክት (-i) አትርሺ፤ ከዚያ አድራሻው፣ ከዚያ «ፑት» የሚለው ቃል፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ይኼ ቲኤፍቲፒ የሚባለው ያረጀ ነገር ነው፤ አሁን የምንሠራበት ደንቡ የወጣው በ1992 ነው። ፋይሉን 512 ባይት 512 ባይት ቆራርጦ አንዱን ይሰጣል፣ «ተቀበልኩ» እስኪባል ይቆማል፣ ቀጣዩን ይሰጣል። ግንበኞች ድንጋይ ሲቀባበሉ እንደምታዪው ነው። የይለፍ ቃል የለው፣ ፎልደር ማየት የለው። ግን ትንሽ ስለሆነ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልተጣለው።

«የፈርምዌር ፍተሻው አልተሳካም» የሚል መልስ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ የሌላ ሞዴል ነው፤ ዘበኛው እምቢ በማለቱ አመስግኚው። ከተቀበለሽ ግን እጅሽን ሰብስቢ። ፋይሉ ደረሰ ማለት ተጻፈ ማለት አይደለም፤ ሉሁ እንደገና እየታጠበ ነው። አሥር ደቂቃ አትንኪው፣ መብራቱ ምንም ቢል። ያለ ዩፒኤስም ይኼን እንዳትጀምሪው፤ ያው መብራት ያው ሰዓት ሊሄድብሽ ይችላል። ከሌላችሁ ፈረስ መጋላ አካባቢ ያለ ፎቶኮፒ ቤት ለአንድ ሰዓት ቢያውስሽ አይከፋም፤ ለአክሰስ ፖይንት የሚበቃው ትንሿ ናት።

ሲነሣ እንደ አዲስ ዕቃ ነው የሚነሣው፤ ስምሽንም ፓስዎርድሽንም አያውቅም። አትደንግጪ፣ ያ ሁሉ ላፕቶፕሽ ላይ ባለው ኮንትሮለር (ሦስቱን በምታስተዳድሪበት ፕሮግራም) ውስጥ ተቀምጧል። ከኮንትሮለሩ ዝርዝር የድሮውን አስወግደሽ እንደ አዲስ ተቀበዪው። ከእንግዲህ ሦስቱን ባንዴ አትንኪ። አንዱን አድርጊ፣ ተነሥቶ እንግዳ ሲጠቀምበት አይተሽ ወደ ሁለተኛው ሂጂ።

ጥያቄ፦ የዩኒፋይ አክሰስ ፖይንት በቲኤፍቲፒ ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ግን የቲፒ ሊንክ ራውተር ነው፤ ቤት ውስጥ እንደ አክሰስ ፖይንት ነው የምጠቀምበት። ሌላ ፈርምዌር ልሞክር ብዬ አበላሸሁት። ሪሴቱን ይዤ አበራዋለሁ፣ 192.168.1.20 ፒንግ አደርጋለሁ፣ ዝም። ሞቷል?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

መልስ፦ አልሞተም፣ የተሳሳተ ቤት እያንኳኳህ ነው። ቲፒ ሊንክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያኛው «ፋይሉን ላክልኝ» ብሎ ቁጭ ይላል፤ ይኼኛው ራሱ ተነሥቶ ሊጠይቅህ ይመጣል። ስለዚህ ላፕቶፕህ ላኪ ሳይሆን ሰርቨር መሆን አለበት። የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራም ጫን፣ ለኬብሉ 192.168.0.66 ስጠው፤ ብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች የሚፈልጉት ይኼን ነው፤ 86 የሚፈልጉም አሉ። ሰርቨሩ ፎልደር ውስጥ የምታስቀምጠው ፋይል ስም ደግሞ ዕቃው የሚጠራው ስም ራሱ መሆን አለበት። ለምሳሌ አርቸር ሲ7 ሁለተኛው ሥሪት የሚጠይቀው ፋይል የሞዴሉን ስም አስቀድሞ «ቲፒ ሪከቨሪ» በሚሉ ቃላት የሚያልቅ ነው። አንድ ሰረዝ ቢሳሳት ዕቃው «የለም» ብሎ ይመለሳል።

የአንተ ስሙ ምን እንደሆነ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ዋየርሻርክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈትና ኬብሉን አዳምጥ። ሪሴቱን ይዘህ ስታበራው «66 ማነው?» ብሎ ሲጣራ ታየዋለህ፤ ካገኘህ በኋላ የሚፈልገውን ፋይል በስሙ ይጠራልሃል። እኔ ይኼን ሳላውቅ በፊት ስም በመገመት ስንት ቀን እንዳባከንኩ ባልነግርህ ይሻላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ወደ አምራቹ ፈርምዌር ስትመለስ የፋይሉ ስም ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል ካለ፣ በብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች ፋይሉ ከፊቱ ቡትሎደር ተሸክሟል። እንዳለ ከላክኸው ቡትሎደሩ የፈርምዌሩ ቦታ ላይ ይጻፍና ዕቃው አይነሣም። የመጀመሪያዎቹን 131,584 ባይቶች ቆርጠህ መጣል አለብህ። ሊኑክስ ላይ ዲዲ በሚባለው ትእዛዝ ባለ 512 ባይት ብሎኮችን 257 ጊዜ ዝለል ትለዋለህ፤ 257 በ512 አባዛው፣ ያው ይመጣልሃል።

ዋየርሻርክ ላይ አንድም ድምፅ ከሌለ ያኔ ዕቃውን መክፈት ግድ ነው። ቦርዱ ላይ ሦስት ወይም አራት የተደረደሩ ቀዳዳዎች ታገኛለህ፣ የሲሪያል መስመር ናቸው። ታይዋን ገበያ ትንሿን የዩኤስቢ ሲሪያል አዳፕተር ታገኛለህ፤ 3.3 ቮልት ላይ መሆኗን አይተህ ግዛ፣ 5 ቮልቷ ፕሮሰሰሩን ልትጠብሰው ትችላለች። መሬቱን ከመሬት፣ የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ አገናኝ፤ የመብራቷን እግር ጨርሶ አታገናኝ፣ ዕቃው የራሱ አዳፕተር አለው። ፍጥነቱን ብዙ ጊዜ 115200 አድርገው። ቡትሎደሩ ካለ ስክሪንህ ላይ ሲያወራ ታያለህ፤ የት ላይ እንደወደቀም ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ሁለት አንድ ዓይነት አክሰስ ፖይንት አለኝ፣ አንዱ ቡትሎደሩም ጠፍቷል ተባልኩ። ሠሪው «የደኅናውን ቺፕ አንብቤ በታመመው ላይ ልገልብጠው፣ በአሥር ደቂቃ ይነሣል» ይለኛል። ልፍቀድለት?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ መጋላ

መልስ፦ ይነሣል፣ እውነቱን ነው። ችግሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ያቺ የሚሞሪ ቺፕ ውስጥ ፈርምዌር ብቻ አይደለም ያለው። አቴሮስ የሚባል አምራች ፕሮሰሰር ባላቸው ላይ ብዙ ጊዜ ሚሞሪዋ መጨረሻ ላይ 64 ኪሎባይት የምትሆን ቦታ አለች፤ የሬዲዮው ልኬት እዚያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ተለክቶ የተጻፈለት ነው፤ የወንድሙ ልኬት ለእሱ አይሆነውም። ማክ አድራሻውም (እያንዳንዱ ዕቃ ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት የብቻው ቁጥር) ቺፑ ላይ ነው የሚቀመጠው።

እኔው ሠርቼዋለሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ የሁለት አክሰስ ፖይንቶችን ቺፕ እንዲህ ገለበጥኩና ኮራሁ። በማግስቱ ስልክ የሚደውለው በዛ፦ «ይያያዛል፣ ይለቃል፣ ይያያዛል፣ ይለቃል»። ሁለቱ አንድ ማክ አድራሻ ይዘው አንድ ኔትወርክ ላይ ነበሩ፤ ስዊቹ የቱ ጋ እንደሚልክ ግራ ገብቶታል። የተገለበጠበቱ ደግሞ ከሁለት ክፍል በላይ አይደርስም ነበር፤ ድሮ አራት ክፍል ያዳርስ ነበር። ገንዘባቸውን መለስኩ።

ስለዚህ ለሠሪው እንዲህ በለው። ደኅናውን ከመንካትህ በፊት የታመመውን ቺፕ ራሱን አንብብ፣ ሁለት ጊዜ አንብብና ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን አወዳድር፤ አንዱን ለእኔ በፍላሽ ስጠኝ። ቡትሎደሩ ቢጠፋም ያቺ የመጨረሻ ክፍል ብዙ ጊዜ ደኅና ናት። ከወንድሙ ቡትሎደሩንና ፈርምዌሩን ይውሰድ፣ የልኬቷን ክፍልና ማክ አድራሻውን ግን ከታመመው ፋይል ይመልስበት። ማክ አድራሻው ከጀርባው ላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆኑን አይተህ ክፈለው።

ይኼን ሲሰማ ካጉረመረመ ዕቃውን ይዘህ ወደ እኔ ና። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ግን አትምጣ፤ በዚያ ፀሐይ ድሬ ላይ ሱቅ የሚከፍተው አዲስ መጤ ብቻ ነው።